ቀዩን ጭራቅ ለመለሱልን ጋሼ

ሰላም ወገኖች። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ማዶ ቨርጂኒያም ሆናችሁ የድሮ ጌም ማሽን ወይም ማንኛውም ባለ ቱቦ ስክሪን ቤታችሁ ያለ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰው ላመሰግን ነው።

ካፌያችን ጥግ ላይ የቆመችውን ሚስ ፓክማን የምትባል የጌም ማሽን ደንበኞቻችን ታውቋታላችሁ። ሚድዌይ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣት ናት፤ ቤቱን ስንረከብ አብራ የመጣች። ወላጅ ቡናውን ሲጠጣ ልጅ ኳርተሩን ይዞ እሷ ጋ ይሄዳል። ታዲያ ባለፈው ክረምት ስክሪኗ ታመመ። መጀመሪያ የምስሉ ጠርዝ መዋለል ጀመረ። ቀጥሎ ቀይ ቀለም ጠፋ።

ቀይ ጠፋ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቢጫዋ ሚስ ፓክማን አረንጓዴ ሆነች። ቀዩ ጭራቅ፣ ያ እግር በእግር የሚያሳድደው፣ ጭራሽ አይታይም፤ ጥቁሩ ላይ ዓይኖቹ ብቻ ይንሳፈፋሉ። ጌሙን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ብቻ የቀረ ጭራቅ የተበላ፣ ምንም የማያደርግ መሆኑን ስለሚያውቅ ደረቱን ነፍቶ ይሄድበታል። ከዚያ ሞት! «አጭበረበረችን» እያሉ ኳርተራቸውን ሊያስመልሱ ካውንተሩ ጋ መጡ። እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ የጠራነው ባለሙያ (ማን እንደሆነ ይቅር) ጀርባዋን እንኳን ሳይከፍት «ቱቦው አልቆለታል፣ አውጥተን ኤልሲዲ፣ ይሄን ጠፍጣፋውን ስክሪን፣ እንግጠም» አለ። ዋጋውን ሲጠራ ክው ነው ያልኩት። ጋሼን የጠቆመን አንድ ደንበኛችን ነው። ድሮ ፒያሳ ቴሌቪዥን ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ገና ጀርባዋን ሳይከፍቱ ሁላችንንም አራቁን። ማሽኗ ከሶኬት ብትነቀልም ቱቦው ውስጥ ኃይል ሊቀር ይችላል፤ ስትሠራ 20,000 ቮልት አካባቢ ነው ያለው። ረጅም ካቻቢቴ ላይ ሽቦ አሰሩ፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ከብረቱ ፍሬም ጋር አያያዙ፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ካቻቢቴውን በቱቦው የጎማ ክዳን ስር ቀስ አድርገው አስገቡት። ጣ! አለ። ልጄ በደስታ ጮኸ፣ እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ።

ከቱቦው አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ቦርድ ነቀሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው እሷ ላይ የራሳቸው ትራንዚስተር አላቸው። በማጉያ መነጽር «ነይ እዪ» ብለው አሳዩኝ። የቀዩ ትራንዚስተር አንድ እግር ዙሪያውን ስታኞው ተሰንጥቆ፣ ፀጉር የምታክል ክብ መስመር ሠርቷል። አርባ ዓመት ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ኖሮ ለቀቀ፣ በቃ። ያ ሁሉ ጣጣ ከዚያች መስመር ነው የመጣው! አሮጌውን ስታኞ በካውያ አቅልጠው መጠጡና እንደገና በየዱት። የጠርዙ መዋለል የካፓሲተሮቹ፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች፣ ችግር ነበር፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ብዛት ይደርቃል። አንድ በአንድ ነቅለው በአዲስ ተኩ። ማሽኗ በዘመኗ ከ100,000 በላይ ስለተሸጠች የስክሪኗ መለዋወጫ ዛሬም አይጠፋም አሉኝ።

የኤልሲዲውን ነገር ጠየቅኳቸው። «ቱቦው ራሱ ሞቶ ቢሆን እኔው እገጥምልሽ ነበር» አሉ። ጤነኛ ቱቦ መጣል ግን አይወዱም፤ እንዲህ ዓይነቱ አሁን አይመረትም። ማሽኗ የምትልከው 15 ኪሎኸርዝ ሲግናል ስለሆነ ተራ ሞኒተር አይቀበላትም፣ መሃል ላይ መቀየሪያ ቦርድ መግዛት ሊኖርብን ነው። ምስሉም ድርቅ ይላል። እኔ እንኳን ልዩነቱ አይታየኝም፣ ልጆቹ ግን ይታያቸዋል።

የማይሆነውንም አልደበቁኝም። ለዓመታት አንድ ዓይነት ግድግዳ ሲበራበት ስለኖረ የሜዙ (ጭራቆቹ የሚሯሯጡበት መተላለፊያ) ጥላ ስክሪኑ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል፤ ስትጠፋም ይታያል። «ይሄ አይለቅም፣ አስለቅቃለሁ የሚልሽ ካለ ሸኚው» አሉ።

ሂሳባቸው ያኛው ለኤልሲዲው ብቻ ከጠየቀን በብዙ ያነሰ ነው። የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ። ጉርሻ አልቀበልም አሉ፣ ቡናውን ግን እስከ በረካ ጠጡ። አንድ እንከን አላቸው፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ቀን ሌላ ሥራ ስላላቸው ማታ ማታ ሞክሩ።

የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል፣ ቁጥራቸውን እልካለሁ። ስክሪኑ በርቶ ምን እንደሚመስል ፎቶ አንሡ፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍም ጨምሩበት፤ ምን ዕቃ ይዘው እንደሚመጡ ከዚያ ነው የሚያውቁት። ማሽኑን ጭናችሁ አትንገላቱ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጀርባውን ደግሞ አደራ፣ እሳቸው ሳይደርሱ እንዳትከፍቱት።