የ1966ቱን አብዮት ከውስጥ ለማየት የቱን መጽሐፍ ላንብብ?

ሁለት መጻሕፍት ይነሳሉ፦ የፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ «ንጉሠ ነገሥቱ» (1978 እ.ኤ.አ.) እና የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»።

ንባቡ፦ የካፑሺንስኪ አጭር ነው፤ ቶሎ ያልቃል። የጃንሆይ እግር እንዳይንጠለጠል ትራስ የሚያቀርበው አሽከር ከአእምሮ አይጠፋም። የፍቅረ ሥላሴ ወፈር ያለ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ተአማኒነቱ፦ የካፑሺንስኪ ተራኪዎች በስማቸው መነሻ ፊደል ብቻ ተጠቅሰዋል፤ የታሪክ ምሁራንም ብዙ ስሕተት ነቅሰውበታል። እኔ ለታሪክ ማስረጃነት አልጠቅሰውም። ፍቅረ ሥላሴ ግን የደርግ ዋና ጸሐፊ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ውሳኔው ሲወሰን እዚያው ነበሩ። ይሁን እንጂ ባለጉዳይ ናቸውና ስለ ግድያዎቹ የጻፉትን ከተጎጂ ቤተሰቦች ቃል ጋር አስተያይቶ ማንበብ ግድ ነው።

የሥልጣንን ድባብ ለሚሻ የመጀመሪያው፤ የደርግን አሠራር ለሚያጠና ሁለተኛው ይሻላል።