“ሙሉ ብሎክ አለን” የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ፕሎት የሚያደርጉ (ፕላን በትልቅ ወረቀት የሚያትሙ)፣ ሶፍትዌር የሚጭኑ፣ ጎን ለጎን ደግሞ “የአውቶካድ ብሎክ በሙሉ” እያሉ በፍላሽ የሚሸጡ ቤቶችን ታውቋቸዋላችሁ። ብሎክ ማለት አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ሶፍትዌር ውስጥ ደጋግመህ ፕላንህ ላይ የምትተክለው ዝግጁ ስዕል ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ይከፍቱላችኋል። በሩ፣ መስኮቱ፣ ሶፋው፣ መኪናው፣ ዛፉ በመደዳ ተደርድሮ ያምራል። ልጁ ማውሱን እያሽከረከረ ያስጎበኛችኋል። ለእኔም አስጎበኘኝ፤ 2,500 ብር ከፈልኩ። አንዱንም ግን ኢንሰርት አድርጎ፣ ማለትም ፕላን ላይ አስገብቶ፣ አላሳየኝም።

ቤት ገብቼ አንድ በር ኢንሰርት አልኩ። የግድግዳው ጠርዝ ላይ ክሊክ፣ ምንም የለም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ዙም ኤክስቴንት ስል ፕላኔ ከታች ጥግ ላይ ነጥብ ሆነ። በሩ ከላይ ጥግ ላይ ሌላ ነጥብ። የበር ኢንሰርሽን ፖይንት፣ ማለትም ክሊክ ያደረግህበት ቦታ ላይ የሚያርፈው መያዣ ነጥብ፣ መሆን ያለበት ማጠፊያው ጋ ነው፤ ስናፕ አድርገህ ግድግዳህ ላይ እንድትተክለው። ብሎክ በሚስተካከልበት ብሎክ ኤዲተር ውስጥ ገብቼ የነጥብን መገኛ በቁጥር በሚነግረው አይዲ ኮማንድ የበሩን ጠርዝ ስጠይቀው ኢስቲንጉ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) 472 ሺህ ምናምን፣ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) 995 ሺህ ምናምን አለኝ። የአዲስ አበባን ሳይት ፕላን ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር አይስተውም፤ የከተማዋ የካርታ መገኛ ነው። የሰው ፕሮጀክት ቆርጠው ነው የሚሸጡልን! ብሎክ ሲያደርጉት ደግሞ ቤዝ ፖይንት (ያንኑ መያዣ ነጥብ) አልመረጡም፤ ስለዚህ የሁለቱም ቁጥር መነሻ የሆነው ዜሮ ዜሮ ላይ ቀረ። በዚህ አቆጣጠር የኖርዚንግ ዜሮ ምድር ወገብ ነው። በሩ አዲስ አበባ፣ መያዣው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኬንያ ውስጥ።

ሌሎቹም አይሻሉም። ስማቸው በ“ኤ ዶላር ሲ” የሚጀምር ሞልቷል፤ ኮፒ ተደርጎ ፔስት አዝ ብሎክ የተባለን ነገር ሁሉ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲህ ነው የሚሰይመው። ዩኒት (የመለኪያ አሃድ) ሳይሞላላቸው በሚሊ ሜትር የተሳሉም አሉ። እኔ በሜትር ነው የምሠራው፤ 90 ሴንቲ ሜትሩ በር 900 ሜትር ሆኖ ገባ።

ላፕቶፔን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል “ብሮ፣ ኢንሰርት ማድረግ ትችላለህ?” አለኝ። እሺ፣ አንተ አስገባው አልኩት። በራሱ ኮምፒውተር ባዶ ፋይል አስከፍቼ አንድ ሬክታንግል ሳልኩ፤ ጠርዙ ላይ በር ትከልልኝ አልኩ። ክሊክ አደረገ። የለም። ዙም ኤክስቴንት አለ፤ ሁለት ነጥብ። ዝም አለ። አየሁት፣ ገብቶታል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሬክታንግሌን አጠፋና እንደገና ዙም ኤክስቴንት አለ። ፋይሉ ውስጥ የቀረው በሩ ብቻ ስለሆነ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። “ይኸውልህ በርህ! ቁልጭ ብሎ!” ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፕሎተሩ ጋ የቆመው ጓደኛው ሳቀ። “ታዲያ ግድግዳው ጋ እንዴት ይምጣ?” ስል “ሙቭ ታደርገዋለሃ፣ ተማሪ ነህ እንዴ?” እያንዳንዱን በር ሙቭ እያደረግኩ ከማመጣ ከባዶ ብስለው አይፈጥንም? ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ ቀና ሳትል “ሶፍት ኮፒ አይመለስም” አለች። ደረሰኝ ብጠይቅ ለፍላሽ ደረሰኝ የለም። ጓደኛው አሁንም ይስቃል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ግድግዳ ስላችሁ በር አስተክሉ። ግድግዳውን እንዳያጠፋው እጁን ተመልከቱ።

ቀድማችሁ የተበላችሁ ካላችሁ ብሎክ ኤዲተር ግቡ፣ ሁሉንም ሴሌክት አድርጋችሁ ማጠፊያውን ይዛችሁ ወደ ዜሮ ዜሮ ሙቭ አድርጉ፣ ሴቭ በሉ። ብሎኩ ራሱን የቻለ ፋይል ከሆነ ቤዝ የሚለውን ኮማንድ ጽፋችሁ ማጠፊያውን ክሊክ አድርጉና ሴቭ በሉ። ብሎክ ኤዲተሩን ግን ሥራችሁ መሃል አትሞክሩት፤ ፕላኑ ላይ ቀድሞ የተተከለው ያው ብሎክ በሙሉ ቦታውን ለቆ ይሄዳል።