አርቸር ሲ7 ቨርዥን 2 ከአስር ወር በኋላ፦ ክፍት ምንጭ አሮጌ ራውተርን እስከ መቼ ይሸከም?

አርቸር ሲ7 የቲፒ-ሊንክ ራውተር ነው፦ አንድ ኮር ያለው ባለ 720 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም፣ 16 ሜጋባይት ፍላሽ፣ አምስት የጊጋቢት ፖርት። ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፣ የፋብሪካ ፈርምዌሩም (ራውተሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አይታደስለትም። በእሱ ቦታ የሚገባው ክፍት ምንጭ ፈርምዌር ኦፕንደብሊውአርቲ 24.10 ተጭኖበት ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) 6.6 ነው፤ ደብሊውፒኤ3ም ይሠራል። ይህ የይለፍ ቃል ጥበቃ የታወጀው በ2018 እ.ኤ.አ. ሲሆን ራውተሩ ከዚያ በፊት ገበያ ላይ የነበረ ነው።

ፍጥነቱ ላይ መዋሸት አያስፈልግም። ፖርቶቹ የጊጋቢት ቢሆኑም ፕሮሰሰሩ ጊጋቢት አያደርስም። የተጀመረን ግንኙነት በአቋራጭ የሚያሳልፈው ሶፍትዌር ፍሎው ኦፍሎዲንግ ከፋየርዎል ገጹ ላይ ሲበራ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ቪዲዮ ጥሪ እንዳይቆራረጥ ወረፋውን የሚያስተካክለው ኤስኪውኤም ከተፈለገ ደግሞ በኬክ ስልት ከ150 ሜጋቢት ብዙም አይዘልም። ሁለቱ አብረው በደንብ ስለማይሄዱ አንዱን መምረጥ ነው። መስመራችሁ ከ100 ሜጋቢት በታች ከሆነ ኤስኪውኤምን ምረጡ።

በጣም የሚያስቸግረው ራም ነው። ማስታወቂያ ማገጃ ተጭኖ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የድረ ገጽ ስሞች ያሉበት ዝርዝር ሲጫንበት ራሙ ያልቃል፣ ከርነሉም ብዙ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል። ብዙውን ጊዜ የሚገደለው ስም ፈቺው ዲኤንኤስማስክ ነው። ምልክቱ አሳሳች ነው፦ ዋይፋዩ እንደተገናኘ ነው፣ የጉግልን 8.8.8.8 አድራሻ ፒንግ ስታደርጉ ይመልሳል፣ ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። ሰው መስመሩ ተቋረጠ ብሎ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ለጥቂት ሰዓት ይሠራና ዝርዝሩ ሲታደስ እንደገና ያው ነው። የሲስተም ሎጉ ላይ ሜሞሪ አለቀ የሚል መስመር ካያችሁ ዝርዝሩን ወደ ትንሹ ቀይሩ፣ ራም ውስጥ ያለውን አምቆ ቦታ የሚያተርፈውን ዜድራም ስዋፕም ጨምሩ።

ሌላው ወጥመድ ፓኬጆችን አንድ በአንድ ማሻሻል ነው። ከፈርምዌሩ ጋር የመጣው ፋይል የተቀመጠው በማይሰረዝ የታመቀ ክፍል ውስጥ ነው። አዲሱ ሲጫን አሮጌው ቦታውን እንደያዘ ይቀራል፣ አዲሱም ሌላ ቦታ ይወስዳል። 16 ሜጋባይት ላይ ይህ ቅንጦት ነው። የምትፈልጓቸውን ፓኬጆች ፈርምዌር በሚያዘጋጀው መሣሪያ በኢሜጅ ቢልደር ከፈርምዌሩ ጋር አንድ ላይ አዘጋጅታችሁ በአንድ ጊዜ ጫኑ፤ ታምቀው ስለሚገቡ የሚይዙትም ያንሳል።

ለመጫን፦ ከሥር ያለው መለያ ቨርዥን 2 ማለቱን አረጋግጡ፤ የቨርዥን 5 ፋይል ሌላ ነው። የፋብሪካው ገጽ ረጅም የፋይል ስም ስለማይወድ ስሙን አሳጥሩት። ከተበላሸም መመለሻ አለው። ኮምፒውተሩን በ192.168.0.66 አድራሻ አስቀምጡ፣ ፋይል የሚያቀብል ቲኤፍቲፒ ሰርቨር አስነሱ፣ ፋይሉን ለዚህ ቨርዥን በተወሰነው የማገገሚያ ስም ሰይሙት፣ የሪሴት ቁልፉን እንደተጫናችሁ ራውተሩን አብሩ። ፋይሉ ካልተወሰደ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ፋየርዎል አጥፉ። አሁንም እምቢ ካለ በመሃል ተራ ስዊች አስገቡ፦ ኬብሉ በቀጥታ ሲሰካ ራውተሩ በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩም ግንኙነት ስለሚወርድ ጥያቄው ሳይያዝ ያልፋል። ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው የሚነሳው፤ በኬብል 192.168.1.1 ገብታችሁ የይለፍ ቃል አስቀምጡና ከዚያ አብሩት።

ከኦፕንደብሊውአርቲ 19.07 ወይም ከዚያ በፊት ከነበረ ቅጂ የምትመጡ ከሆነ የድሮውን ሴቲንግ ይዛችሁ አትሻገሩ። በመሃል ኤአር71ኤክስኤክስ የሚባለው የኮድ ክፍል በኤቲኤች79 ተተክቷል፣ የዋይፋይ ቺፖቹ መገኛ አድራሻም አብሮ ተቀይሯል። የድሮው የዋይፋይ ሴቲንግ ፋይል የሌለ ቺፕ ስለሚጠራ ሬዲዮው አይነሳም። ፋይሉን ሰርዞ እንደ አዲስ ማስፈጠር መፍትሔው ነው።

አሮጌ ዕቃ መደገፍ ያዋጣል ወይ ለሚለው ክርክር መልሱ ያለው እዚህ ሽግግር ውስጥ ይመስለኛል። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ ራውተር በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የራሱ ኮድ ነበረው። በአዲሱ ለአንድ ሞዴል የሚያስፈልገው አጭር የሃርድዌር መግለጫ ፋይል ነው፤ ድራይቨሩን ሌሎች ብዙ ሞዴሎች ይጋሩታል። ሲ7ን ማስወጣት ለፕሮጀክቱ የሚያተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸው ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፦ ከርነሉ ባደገ ቁጥር እነሱን ለማስገባት የሁሉም ሰው ባህሪ ይቆረጥ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከመጨረሻው 19.07 ጋር መሰናበታቸው ትክክል ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም ከዓመታት በፊት ተነግሯል። ስለዚህ ዕድሜ መቁጠር ትቶ ዕቃው ሌላውን ምን እንደሚያስከፍል መጠየቅ ይሻላል።

ሲ7ም ዘላለማዊ አይደለም። የ5 ጊጋኸርዙ ቺፕ የሚሠራው በዝግ ፈርምዌር ነው፤ እዚያ ውስጥ ቀዳዳ ቢገኝ ማንም በጎ ፈቃደኛ ገብቶ ሊደፍነው አይችልም። እስከዚያው ሞዴሉን በሕይወት የሚያቆየው የሚሞክረው ሰው መኖሩ ነው። የሙከራ ቅጂ ሲወጣ ባክአፕ ያዙ፣ ጫኑ፣ ሁለቱንም ባንድና አምስቱንም ፖርት ፈትሹ፣ የጎደለ ካለ የከርነል ሎጉን አያይዛችሁ ሪፖርት አድርጉ። የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው።