አርማታ ወይስ ብረት? ጅማ ላይ በጠባብ ቦታ ለሚሠራ ኮሌጅ

ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መማሪያ ክፍል፤ ግራ ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ። የሕንፃው አጽም፣ ምሰሶና ወራጁ፣ በምን ይቁም?

አርማታ፦ ባለሙያው እዚያው ጅማ ይገኛል። እሳት ይችላል። ግን አሸዋና ጠጠር ማራገፊያ ይፈልጋል፤ የባሕር ዛፍ ድጋፉም ወለሉን ለሳምንታት ይዘጋል። ክረምቱ ነው የሚያሳስበኝ። ትኩስ ሙሌት ላይ ዶፍ ከወረደ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠሩ ያፈጣል።

ብረት፦ ተቆርጦ መጥቶ በብሎን ይታሰራል። ቀላል ነው፤ መሠረቱ ላይ ጫናው ይቀንሳል። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ክሬንም ይጠይቃል። 550 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ስለሚወርድ የእሳት መከላከያ ልባስ የግድ ነው።

የሚያብጥ ጥቁር አፈር ካለ ለሁለቱም የአፈር ምርመራ ይቅደም።

ክፍሎቹ ትንንሽ ከሆኑና በጋው ከፊት ካለ፣ አርማታ። ምሰሶ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ከተፈለገና የግንባታ ዕቃ ማስቀመጫ ከጠፋ፣ ብረት።