ስድስት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ላስቸገራችሁ፦ ላመሰግነውና ልጠቁማችሁ የምፈልገው ባለሙያ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን፣ እናትማለን፣ እንጠርዛለን፤ ኦንላይን ቅጽ እንሞላለን። እንጀራችን ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዛሬ የምጽፈው ኮምፒውተሮቻችንን ስለጠገነልን አንድ ወጣት ነው። እስካሁን ብዙ ጠጋኝ አይቻለሁ፤ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ከእንግዲህም እኛ ራሳችን ምን ማየት እንዳለብን አስረድቶን የሄደ ግን እሱ ብቻ ነው።

ችግራችን አንድ ብቻ አልነበረም። አንዱ ኮምፒውተር ድረ ገጽ አልከፍትም አለ። ሌላው ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተቆልቶ ይፈላል። ከሁሉ የባሰው ኔትወርኩ ነበር፤ ጠዋት የሠራው ማሽን ከሰዓት ፕሪንተሩን አያገኘውም፣ አጥፍተን ስናበራው አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። ይህ ሁሉ በመመረቂያ ሰሞን፣ ተማሪ በር ላይ ተሰልፎ። ቀድሞ ያየልን ሌላ ባለሙያ የአንዱ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል፣ የቀሩት ሁሉ ፎርማት ይደረጉ፣ ማለትም ተደምስሰው እንደ አዲስ ይጫኑ ብሎን ነበር።

ይሄ ልጅ ሲመጣ ቦርሳውን ሳይከፍት መጠየቅ ጀመረ። ችግሩ መቼ ጀመረ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ወይስ እንዲሁም ይከሰታል? በዚያ ሰሞን የገባ አዲስ ዕቃ አለ? አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ደግሞ ለብቻዋ ጠየቃት፤ ማሽኑ ላይ የምትውለው እሷ ናትና። የሙያ ሰው መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። የተማረው ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሃርድዌርና ኔትወርክ ነው፤ ትምህርቱ ወረቀት ላይ እንዳልቀረ ሥራው ይናገራል።

ማዘርቦርዱ ተቃጠለ የተባለውን ማሽን አስነሳና "እትዬ፣ ቀኑን ይመልከቱልኝ" አለኝ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ለካ ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። እኛ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍተን ነው የምንሄደው፤ ባትሪዋ ስለደከመች ጠዋት ቀኑ ይዛባል። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት አላቸው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የኮምፒውተሩ ቀን ያረጀ ከሆነ ሰርተፍኬቱን "ገና ጊዜው አልደረሰም" ብሎ አይቀበለውም፣ ገጹም አይከፈትም። ባትሪዋ ተቀየረች፣ ቀኑ ተስተካከለ፣ ማሽኑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለአዲስ ማዘርቦርድ ብር ልናወጣ ነበር።

የሚንቀራፈፈው ማሽን ላይ የመጀመሪያ ሥራው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የሃርድ ዲስኩን ጤና ያየው፤ የተጎዱ ቦታዎች እየበዙበት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አሳየን። ፎርማት ቢደረግ ለጥቂት ጊዜ የዳነ ይመስል ነበር፣ ዲስኩ ግን እየሞተ ነው አለን። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚያነብ ክንድ አለ። እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ከሄደበት ቢያንስ ፋይሉ ይበላሻል፤ መምታትና መውደቅ ደግሞ ዲስኩን ራሱን ይጎዳል። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲስ ዓይነት ዲስክ ቀየረው፤ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም። ራሙንም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደገው። ፕሮሰሰሩ ለእኛ ሥራ እንደሚበቃ ነግሮን ሌላ ነገር አላስገዛንም። ለዋናው ማሽን ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ ብሎ አጥብቆ መከረን፤ ገዛን።

ፊደሎቻችንን የያዘበትን ጥንቃቄ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የኮፒ ቤት ሰዎች ታውቁታላችሁ፦ የዱሮ ደንበኛ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ከሌለ ጽሑፉ የማይነበብ የፈረንጅ ፊደል ክምር ይሆናል። እነዚያ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ ውስጥ ከገባ ወዲህ አዲስ የሚጻፈው ያለ ችግር የትም ይከፈታል፤ አሮጌው ፋይል ግን ያንኑ ፎንት ይፈልጋል። ማሽን ፎርማት ተደርጎ ፎንቶቹ አብረው ሲጠፉብኝ አልቅሻለሁ። ይሄ ልጅ ሳንጠይቀው የፎንቶቹን ፎልደር ለይቶ አስቀመጠልን፣ አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ ጫነ፣ ከዚያ የዱሮ ፋይል አስከፍቶን መነበቡን አረጋገጠ።

ኔትወርኩ ላይ ረጅም ሰዓት ቆየ። በየኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁሯን መስኮት እየከፈተ አይፒኮንፊግ ብሎ ይጽፋል፣ የሚወጣውን ቁጥር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ፣ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሲጨርስ ወረቀቱን አሳየን። ግማሾቹ 192.168.1 ብለው የሚጀምሩ፣ ግማሾቹ 192.168.0 ብለው የሚጀምሩ ናቸው። ለደንበኞች ዋይፋይ ተብሎ የተገጠመልን ሁለተኛ ራውተር (ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከዋናው ጋር እኩል አድራሻ ያድል ኖሯል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ከመለሰለት ይቀበላል፤ ከዋናው ካገኘ ሁሉም ይሠራል፣ ከሁለተኛው ካገኘ ግን ፕሪንተሩ ያለበትን ሰፈር አያየውም፣ ኢንተርኔትም የለውም። አጥፍተን ስናበራ አንዳንዴ የሚመለሰው ለዚህ ነበር። የሁለተኛውን አድራሻ የማደል ሥራ ዘጋው፣ ለራሱም ከዋናው ጋር የማይጋጭ አድራሻ ሰጠው፣ ለፕሪንተሩ ደግሞ የማይቀያየር ቋሚ አድራሻ ያዘለት። አንድም ኮምፒውተር ፎርማት ሳይደረግ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ፕሪንተሩ ጠፍቶብን አያውቅም።

ሳይሄድ ለልጅቷ አስተማራት። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፣ መጀመሪያ ኬብሉን እይ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ራውተሩን ፒንግ አድርጊ፣ ማለትም በዚያችው ጥቁር መስኮት መልስ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂው፤ እሱ ከመለሰ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው፣ እዚህ ማሽን አትነካኩ። አሁን ኢንተርኔት ሲቋረጥ የምታጣራው እሷ ናት። ሰው የሚጠራበትን ሥራ አስተምሮ የሚሄድ ባለሙያ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ሱቅ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

ስለ ዊንዶውስም እውነቱን ነገረን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለውን ነው የሚቀበለው። የእኛን አንድ በአንድ አይቶ የትኞቹ እንደሚችሉ ለየልን። የማይችሉትን በግድ እጭናለሁ አላለም፤ ለኢንተርኔት ብቻ የምንጠቀምበት አንዱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫነልን፣ ሌሎቹን ቀስ ብለን እንድንተካ መከረን። ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌርና ከየትም የወረደ አክቲቬተር (ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት ፕሮግራም) አይጭንም፤ ቫይረስ የሚገባው በዚያ ነው ይላል። ይህ የማይመቻችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ እወቁት።

ሒሳቡን ዕቃውን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ጽፎ ነው የሰጠኝ፤ ያወጣቸውን ዕቃዎችም፣ የሞተውን ዲስክ ጨምሮ፣ በእጄ አስረክቦኛል። ዲስኩ ውስጥ የደንበኞቻችን ፋይል ስላለ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለት ካልኩ፣ ቀን ስልክ አያነሳም፤ ሰው ቤት እየሠራ ስለሆነ ነው። መልእክት ከተላከለት ግን ማታ ይመልሳል። ሞባይል አይጠግንም፣ የላፕቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ብየዳ የሚፈልግ ሥራም ለሚችለው ሰው ያስተላልፋል።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነበው ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ። ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን በቀኑ አስረክበዋል።

ለትንንሽ ቢሮዎች፣ ለኮፒ ቤቶችና ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሎች ደፍሬ እጠቁመዋለሁ። ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ በውስጥ ለሚጽፍልኝ ግን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትጽፉለት ችግሩ መቼ እንደጀመረና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።