ናይትራይል፣ ቫይተን ወይስ ቴፍሎን? ለየትኛው ሻፍት የትኛው ኦይል ሲል

ኦይል ሲል በሚዞር ሻፍት (ዘንግ) ዙሪያ ተገጥሞ ዘይት እንዳይፈስ የሚያደርግ ቀለበት ነው። ሊገዛው የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አሮጌውን በእጁ ይዞ ነው። «ይህን የመሰለ ስጠኝ» ይላል። ልኩ ይገጥማል፣ በመዶሻ ይገባል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ግን ከማሽኑ ሥር ያችው የዘይት ጠብታ ትታያለች። ልክ መግጠሙ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ከንፈሩ፣ ማለትም ሻፍቱን የሚነካው የሲሉ ጫፍ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ሻፍቱ በምን ፍጥነት እንደሚዞርና ገጹ ምን እንደሚመስል ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ኦይል ሲል ቡሽ ጠርሙስን እንደሚደፍነው ዘይቱን ደፍኖ አይደለም የሚይዘው። ከንፈሩ ሻፍቱን የሚነካው ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር በምትሆን ጠባብ መስመር ላይ ነው። ከላይ በክብ የተጠቀለለች ቀጭን ሞላ ወደ ሻፍቱ ትጫነዋለች። ሻፍቱ ሲዞር ከከንፈሩ ሥር አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆን የዘይት ሽፋን ይገባል። ይህ ሽፋን ባይኖር ላስቲኩ ደርቆ ይቃጠል ነበር።

ታዲያ ዘይቱ ለምን ወደ ውጪ አይወጣም? የከንፈሩ ሁለት ጎኖች እኩል ስላልሆኑ ነው። በዘይቱ በኩል ያለው ጎን ቀጥ ያለ ነው፤ በአየሩ በኩል ያለው ደግሞ ጋደም ያለ። ሞላዋም ከከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ወደ አየሩ በኩል ዘወር ብላ ነው የምትቀመጠው። ሻፍቱ ሲዞር በላስቲኩ ገጽ ላይ ያሉት ደቃቅ ሸካራ ነጥቦች ይጎተታሉ፣ ይጋደማሉ፤ ሾልኮ የመጣውንም ዘይት ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ስለዚህ ኦይል ሲል ትንሽዬ ፓምፕ ነው። ተገልብጦ ሲገጠም ዘይቱን ራሱ ወደ ውጪ የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞላዋ የምትታይበት ጎን ወደ ዘይቱ መዞር አለበት። ይህን ከያዝን ምርጫው ሁሉ የሚያጠነጥነው ያችን ጠባብ መስመር ጤነኛ አድርጎ በማቆየት ላይ ነው።

ናይትራይልና ቫይተን

ብዙ ሰው የሚገዛው ናይትራይል ከሚባለው ላስቲክ የተሠራውን ነው፤ ላስቲኩ በኮድ ኤንቢአር ይባላል። ርካሽ ነው፣ መቦጨቅን ይችላል፣ ከተለመደው የሞተርና የማርሽ ዘይት ጋር ይስማማል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ጀምሮ ከዜሮ በላይ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሠራል። ለቀዝቃዛ ማርሽ ሳጥን፣ ለእርሻ መሣሪያ፣ ለጭቃና ለአቧራ ቦታ እኔ ራሴ የምመርጠው እሱን ነው።

ጠላቱ ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዘይቱን ሙቀት ብቻ አይቶ በመወሰኑ ነው። ከከንፈሩ ሥር ያለው ሙቀት በሰበቃ የተነሳ ከዘይቱ ሙቀት በ20 እስከ 40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ዘይቱ 80 ዲግሪ ከሆነ ከንፈሩ ከ100 ተሻግሯል ማለት ነው። ናይትራይል እንዲህ ሲሞቅ ይጠነክራል፣ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። አሮጌውን ስታወጡ ከንፈሩን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ካልታጠፈ፣ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ፣ ያንኑ ዓይነት ደግማችሁ አትግዙ።

ቫይተን የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኮዱ ኤፍኬኤም ነው። እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ነዳጅንና ብዙ ኬሚካሎችንም ይችላል። ፍጥነት ላይም በሰፊው ይበልጣል። ግን «ውድ ስለሆነ በሁሉም ቦታ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ያሳስተናል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይደርቃል፣ ሻፍቱንም በደንብ አይከተልም። በመኪና ፍሬን ዘይት ውስጥ ያብጣል። ዘይት በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ላይ ሲሠራም ቶሎ ያልቃል። በቀዝቃዛና በዝግታ በሚዞር ሻፍት ላይ ቫይተን ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ቡናማ ከሆነ ቫይተን ነው፣ ጥቁር ከሆነ ናይትራይል ነው ብሎ በቀለም መግዛት አያዋጣም። ጥቁር ቫይተንም አለ፣ ቡናማ ናይትራይልም ይሠራል። በላዩ የታተመውን ኮድ አንብቡ። ኮድ ከሌለው ለሞቃት ቦታ አትመኑት።

ፍጥነት የሚባለው የዙር ቁጥር አይደለም

ሁለት ሻፍቶች እኩል በደቂቃ 3000 ዙር ይዞራሉ እንበል። አንዱ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር፣ ሌላው 100 ሚሊሜትር ነው። በቀጭኑ ላይ ከንፈሩ የሚያየው ፍጥነት በሰከንድ 3.1 ሜትር ነው። በወፍራሙ ላይ 15.7 ሜትር። ናይትራይል የሚችለው በሰከንድ እስከ 12 ወይም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሩ አንድ ሆኖ ሳለ ለቀጭኑ ናይትራይል ይበቃል፣ ለወፍራሙ ግን ቫይተን ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሻፍቱ ውፍረት በሚሊሜትር ሲባዛ በ3.14፣ ሲባዛ በደቂቃ ዙሩ፣ ሲካፈል ለ60000። ከመግዛታችሁ በፊት በስልካችሁ አስሉት።

ቴፍሎን ጠባዩ ሌላ ነው

ቴፍሎን፣ በኮዱ ፒቲኤፍኢ፣ ላስቲክ አይደለም። ሰበቃው ዝቅተኛ ነው፣ ብርድም ሙቀትም ይችላል፣ ዘይት ሲያንሰውም ከሌሎቹ በተሻለ ይታገሣል። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች የክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ የምናገኘው እሱን ነው። ብዙ ጊዜም ሞላ የለውም።

ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። በላስቲክ የለመደ እጅ ከንፈሩን ዘይት ቀብቶ ያስገባል። ብዙዎቹ የቴፍሎን ሲሎች ግን ደረቅ ሆነው፣ በደረቅ ሻፍት ላይ መግባት አለባቸው። ከንፈሩ በሻፍቱ ላይ ቅርጹን እንዲይዝና ስስ የቴፍሎን ሽፋን እንዲተው ነው። ከተገጠመ በኋላም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ለሰዓታት ይቀመጣል። እኔ አንዴ ይህን ሳላውቅ ግራሶ ቀብቼ አስገባሁ። ወዲያው አፈሰሰ፤ ሲሉን ሳልጠቀምበት ጣልኩት። የከንፈሩ ቅርጽ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም፤ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ወደ ቦታው አይገባም። አስተካክሎ ለመግጠም ጊዜና ማስገቢያ መሣሪያ ከሌላችሁ፣ ሞተሩም ቴፍሎን ካልጠየቀ፣ ቫይተን ይበቃችኋል።

ከንፈር የሚሠራባቸው ሌሎች ሁለት ላስቲኮችም አሉ። ሲሊኮን ለብርድም ለሙቀትም ጎበዝ ነው፤ ግን በቀላሉ ይቀደዳል፣ ቤንዚንም አይወድም። አክሪሌት እስከ 150 ዲግሪ ድረስ በሞተር ዘይት ውስጥ ጥሩ ነው፤ ውሃ ግን ያበላሸዋል።

ውጪው ላስቲክ ወይስ ብረት?

ሲሉ የሚቀመጥበት ቤት አሉሚኒየም ከሆነ ውጪው በላስቲክ የለበሰውን ውሰዱ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ይሰፋል፤ ላስቲኩ ክፍተቱን ተከትሎ ይሞላል። ቤቱ የተጫረ ከሆነ ወይም ከሁለት ግማሽ የተገጠመ ከሆነም እንደዚሁ። ውጪው ባዶ ብረት የሆነው ደግሞ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሙቀትም ቶሎ ያስወግዳል፤ ንጹሕና ለስላሳ ቤት ግን ይፈልጋል።

ከውጪ ሁለተኛ የአቧራ ከንፈር ያለው ለቆሻሻ ቦታ ተገቢ ነው። ሲገጠም በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ጥቂት ግራሶ ይደረጋል። ንጹሕ ቦታ ላይ ፈጥኖ ለሚዞር ሻፍት ግን ባለ አንድ ከንፈሩ ይሻላል፤ ሁለተኛው ትርፍ ሰበቃና ሙቀት ነው። ቀስት የታተመበት ካያችሁ ደግሞ ለአንድ አቅጣጫ ዙር ብቻ ነው የተሠራው። በተቃራኒ ከዞረ ዘይቱን ያወጣል።

አዲሱም የሚያፈስ ከሆነ

ይህኛው ክፍል ብዙ ገንዘብ ያድናል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ መተንፈሻውን፣ ማለትም የሞቀው አየር ከውስጥ የሚወጣበትን ቀዳዳ፣ እዩ። ተራ ኦይል ሲል የሚችለው ግፊት ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ገደማ ብቻ ነው። የማርሽ ሳጥን መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ሙቀቱ አየሩን ያሳብጠዋል፣ ግፊቱም ዘይቱን በከንፈሩ ሥር ይገፋዋል። ሦስት ሲል ብትቀይሩ ያው ነው።

ቀጥሎ ሻፍቱን በጥፍራችሁ ዳብሱት። አሮጌው ከንፈር ቦይ ቆፍሮ ከሆነ ጥፍራችሁ ይያዛል። የሻፍቱ ገጽ ሸካራነት በአር ኤ (አማካይ የሸካራነት መለኪያ) ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮሜትር መሆን አለበት። በጣም ቢለሰልስም ጥሩ አይደለም፤ ያ ስስ የዘይት ሽፋን የሚይዝበት ያጣል። ቶርኖ ላይ ወጥቶ ሳይፈተግ የቀረ ሻፍትም ዘይት ያወጣል፤ የቶርኖው ምልክት እንደ ብሎን ጥርስ ስለሚሆን ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ቦይ ካለ ሲሉን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ አድርጎ ከንፈሩን በጤነኛው ገጽ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ቦታ ካልበቃ ደግሞ ሻፍቱ ላይ የሚለበስ ስስ የብረት ቱቦ አለ። ውፍረቱ ከ0.3 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ያው ልክ ያለው ሲል ከላዩ ይገባል።