ባለ ቀለበቱ ኩሊ ወይስ ጥቁሩ? ጅማ ላይ ለሚገዛ ሰው

ቤቴ መጥቶ የዓሣ ገንዳዬን ያየ ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «የቱን ልግዛ?» መልሴም አንድ ነው፤ ጥቁሩን ግዙ።

የምናወራው ስለ ኩሊ ሎች ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጅረቶች ስለሚመጣው፣ እባብ መሳይ ሆኖ ከወለሉ ስለማይለየው ትንሽ የጌጥ ዓሣ። ሁለቱም ዓይነቶች ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ፣ በደንብ ከተያዙም ዐሥር ዓመት ይኖራሉ። አንዱ ብርቱካናማ ገላው ላይ ጥቁር ቀለበት አለው፤ ሌላው ዳር እስከ ዳር ጥቁር ቡናማ ነው። ገዢ የሚሳሳተው በቀለሙ ነው።

በዋጋው እንጀምር። ኩሊ ጅማ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቅ ባለ ቀለበቱ 700፣ ጥቁሩ 450 ብር ነበር። በአንድ ዓሣ 250 ብር ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ኩሊ በቡድን የሚኖር ዓሣ ነው፤ ከስድስት ካነሰ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ የምታወዳድሩት 4,200ን ከ2,700 ብር ጋር ነው። የሚተርፈው 1,500 ብር የደህና የገንዳ ማሞቂያን ዋጋ አብዛኛውን ይሸፍናል።

«ይህ እውነተኛው ኩሊ ነው» ብሎ ተጨማሪ 200 ብር የሚጠይቅ ነጋዴም አለ። አትክፈሉ። በንግድ ላይ ያለው ባለ ቀለበት ኩሊ አብዛኛው ፓንጂዮ ሴሚሲንክታ የሚባለው ዝርያ ነው፤ እውነተኛው የጃቫ ደሴቱ ፓንጂዮ ኩህሊ ለገበያ የሚቀርበው ከስንት አንዴ ነው። አያያዛቸው አንድ ስለሆነ ለስም የሚከፈል ገንዘብ ከንቱ ነው።

ከዚህ የከፋው ጭራሽ ኩሊ ያልሆነውን መግዛት ነው። አንድ ጓደኛዬ «ትልቁ ኩሊ» ተብሎ በ1,200 ብር የተሸጠለት ዓሣ ጋፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦቹን አንድ በአንድ በላበት። አፍንጫው ሾጣጣ፣ ጀርባው ላይ እሾህ የተደረደረበት እባብ መሳይ ዓሣ ነበር፤ ከዚያ ወገን አንድ ሜትር የሚደርስም አለ። ኩሊ አፉ ዙሪያ አጫጭር ጢሞች አሉት፤ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ደግሞ ወደ ጭራው ተጠግታ ትገኛለች። ፌስታሉን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እነዚህን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ዶጆ ሎች የሚባለው ሌላ ዓሣም በኩሊ ስም ይሸጣል። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወድ ያለ ማሞቂያ ጅማ ላይ ይስማማዋል፤ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሲያድግ ሰልችቶአችሁ አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትለቁት አደራ እላለሁ፤ በሌሎች አገሮች ከገንዳ ወጥቶ የተስፋፋ ዓሣ ነው።

ማሞቂያው ላይ ሰው ሲቆጥብ ሳይ አዝናለሁ። ኩሊ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውሃውን ያበርደዋል። በ700 ብር የሚሸጠው ማሞቂያ «100 ዋት» ተብሎ ቢጻፍበትም ሙቀት መቆጣጠሪያው ይጣበቃል። ከዚያ ወይ ዓሣውን ይቀቅላል ወይ ጨርሶ አያሞቅም። ጥገና የወሰድኩት ሁሉ የጎማ መክደኛው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ውሃ አስገብቷል፤ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ይህ ለሕይወትም ያሰጋል። 2,000 ብር ገደማ አውጥታችሁ ደህናውን ግዙ፤ ቴርሞሜትርም ለብቻው ይኑራችሁ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ጥቁሩን የምመርጠው ለዋጋው ብቻ አይደለም። በእኔ ገንዳ ባለ ቀለበቶቹ መብራት ካልጠፋ በቀር ከእንጨቱ ሥር አይወጡም። ጥቁሮቹ ግን በጠራራ ቀን ምግብ ፍለጋ አሸዋውን ሲያስሱ ይውላሉ። በ700 ብር ገዝቶ የማያዩት ቀለም ምን ይጠቅማል?

አሸዋው ደቃቅና ለስላሳ ይሁን፤ ኩሊ ስለሚቀበርበት የተፈጨ ድንጋይ ገላውን ይልጠዋል። ለግንባታ የሚሸጠውን የወንዝ አሸዋ ወንፉት፣ እጠቡት፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ከወጣው ኖራ ስላለው ተዉት፤ ኩሊ የሚወደው ኖራ ያልበዛበት ለስላሳ ውሃ ነው። የማጣሪያውን መምጠጫ በስፖንጅ ሸፍኑ፤ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የሚሞት ብዙ ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ፈጽሞ አትጨምሩ፤ ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አይችለውም።

ጥቁሩ ጠፍቶ ባለ ቀለበቱ ብቻ ከተገኘ ስድስቱን በአንድ ጊዜ እንደምትወስዱ ተናግራችሁ ለአንዱ ከ600 ብር በላይ አትስጡ፤ ሆዳቸው ወደ ውስጥ የገባውን ግን በነጻ ቢሰጡአችሁም አትቀበሉ።